ማገዶው የት ገባ?

ነገሌ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ትተኛለች። ቀዩ አቧራ መንገዱ መሃል ይነሳና ትንሽ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ለምን እንደተነሳ የጠፋበት ይመስል ተመልሶ ይቀመጣል። እኔም በዚህ ሰዓት በረንዳ ላይ ወንበር አወጣለሁ። አንዳንዴ ሳላስበው ሁለተኛም አውጥቼ እገኛለሁ። እጄ መርዶውን ገና አልሰማም መሰለኝ።

ባለቤቴ ደምሴ፣ የልጄ የሰናይት አባት፣ የሳይንስ አስተማሪ ነበር። ጎበዝ ነበር እያልኩ አላደክማችሁም፤ የሞተ ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው። ግን አንድ አመል ነበረበት። ተማሪ ያየውን ቁጥር በመስመር ካልሳለው የተማረ አይመስለውም። ሌላው አስተማሪ ምዕራፉን ጨርሶ ሲሄድ እሱ ገና ግራፍ ሥሩ እያለ ነው።

እስቲ ይህን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት። ግራፍ። ምን ትዝ አላችሁ? በአማርኛ መግረፍ አለ። በኦሮምኛም ገረፉ ማለት ያው አለንጋ ማሳረፍ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚያስፈራ ቃል ይዞ የሰው ልጆች መሃል የሚገባ አስተማሪ፣ እንግዲህ የመጣውን መቻል ነው።

ጡሜ የምትባል ተማሪ ነበረችው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አንድ ቀን ለእናቷ ነገ ግራፍ ስላለብኝ እዘገያለሁ ትላለች። እናት ደንግጣ ለአባት ትነግራለች። አባትየው ኦቦ ጉዮ ድሮም ጭንቅ ላይ ነበሩ። ዘመዶቻቸው ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ትምህርት ቤት ምን ያመላልሳታል፣ ባልም ተገኝቶላታል እያሉ ቀን ከሌት ይነዘንዟቸዋል።

በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው የክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ትምህርት ቤቱ ውሃ የሚያፈላበት ነገር ስላልነበረው የከሰል ምድጃዬን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ።

"አካም፣ ባርሲሳ" አሉ። ደህና ነህ አስተማሪ ማለታቸው ነው። ልጄን ሳትገረፍ ልወስዳት ነው፣ እስካሁን የተማረችው ይበቃታል አሉ።

ደምሴ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ ነገሩ ገባው፤ ቀጥሎ ሳቁን ዋጠ። ይቀመጡና ግራፉን ይዩት፣ ከዚያ ይወስዷታል አላቸው። ፊት ካለው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ዱላውን ግን አልለቀቁም።

ድስቱ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር። ልጆቹ ተራ በተራ ቁጥሩን ያነባሉ፣ ሁሉም ካሬ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ሙቀቱ ወደ ላይ፣ ጊዜው ወደ ጎን። ነጥቦቹን ሲያገናኟቸው መስመሩ ዳገት ወጣ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ቁጥሩ ዘጠና አምስት ላይ ቆመ፤ ንቅንቅም አላለ። መጽሐፉ ግን መቶ ነው የሚለው። አገራችን ከባሕር ከፍ ስለሚል ውሃችን መቶ ሳይደርስ ይፈላል። ይህን ደምሴ ነግሮኝ ነው እንጂ እኔማ የከሰሉ ጥራት ነበር የሚመስለኝ።

ልጆቹ መጽሐፉን ማሳፈር አልፈለጉም። ሁሉም መስመሩን መቶ ድረስ ወሰዱት። ጡሜ ብቻ ዘጠና አምስት ላይ አስተኛችው። ለምን ሲላት፣ ያየሁት እሱን ነው አለች። ደምሴ የእሷን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጠፈና ነገሩን ለአባቷ በኦሮምኛ አስረዳቸው።

ኦቦ ጉዮ ፊታቸው ተለወጠ። "እነዚህ ሁሉ ያላዩትን ጻፉ?"

"አዎ።"

"ታዲያ አትገርፋቸውም?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ አትገረፍም ብለው የመጡ ሰው የሚገረፍ ጠፋ ብለው ተናደዱ። ደምሴ እንደገና ይሠሩታል እንጂ አልገርፍም አላቸው። ይኼም ትምህርት ቤት ተባለ አሉና ተነሱ።

"ጡሜ፣ እንሂድ።"

ልጅቷ ተነሳች። ወረቀቷን ለማንሳት እጇን ወደ ሰሌዳው ዘረጋች፣ ከዚያ ተወችው። ደምሴ ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል ያንከባልላል።

አባትየው ምድጃው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከሰሉን አዩ። ቀና ብለው ያን የተኛ መስመር አዩ።

"ባርሲሳ፣ እሳቱ ይነዳል፣ ቁጥሩ ቆሟል። ማገዶው የት ገባ?"

ደምሴ ወደ እንፋሎቱ አሳያቸው። "ውሃው እየሄደ ነው ኦቦ። ማገዶው ለሚሄደው ስንቅ ሆነ።"

ኦቦ ጉዮ እንፋሎቱን በዓይናቸው ተከተሉት። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጣሪያውን ዳሰሰ፣ በመስኮቱ ወጥቶ ነጩ ሰማይ ውስጥ ጠፋ። ሁላችንም ሸኘነው።

"አልገባኝም" አሉ በመጨረሻ። "ጡሜ ይህን እስክታስረዳኝ ትማር።"

ተማረች። በዓመቱ አስረዳቻቸው፤ አልገባኝም አሉ። ዘመዶች ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ፣ ገና አላስረዳችኝም ብለው መለሷቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዕረፍት ስትመጣ እንደገና አስረዳቻቸው፤ አሁንም አልገባቸውም። እኔና ደምሴ ሰውዬው እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ያላቸው እያልን ስንት ከሰዓት ስቀናል።

ደምሴ ያረፈ ጊዜ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። አርጅተዋል። ከጎኔ እንደተቀመጡ፣ ያ የውሃው ነገር ኋላ ገባዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የዚያኑ ዕለት ነው የገባኝ፣ የሰናይት እናት" አሉ። "ገባኝ ብል ኖሮ ዘመዶቼ ልጅቷን ይድሯት ነበር።"

ከዚያ ወዲህ እኔም ጠባይ አምጥቻለሁ። የወታደር ካምፑ ሴቶችም የገበያዎቹም በደጄ ሲያልፉ፣ ተጽናናሽ ወይ ይሉኛል። ገና ነኝ እላለሁ። ገና ስላቸው ነው ጎራ ብለው ስለ ደምሴ የሚያወሩልኝ። የተጽናናች ሴት ጋ ማን ጎራ ይላል?