በጎረቤቴ የድህነት ወረቀት ቀናሁ

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፤ በላሙ ይቀናል። እኔ ግን የቀናሁት በድህነት ወረቀት ነው። ምን ልደብቃችሁ? ያውም አንጀቴ እስኪያርር!

በኢህአዴግ ጊዜ ነው፤ ቦንጋ አስተምራለሁ። ደሞዜ እጄ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል። ይቆረጥ፤ አለዚያ አገር በምን ይታከማል? ብቻ የሚታከሙት ጎረቤቴ ጋሽ ወልደማርያም መሆናቸው ነው ያንገበገበኝ። ቀበሌ ደሃ ናቸው ብሎ የነፃ ህክምና ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ደሃ? ሺሺንዳ በኩል ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ የሰቀሉት ቀፎ ስፍር ቁጥር የለውም። ቀበሌ ግን የሚቆጥረው ግቢ የቆመ ላም ነው። ማን ዛፍ ላይ ይወጣል?

ጉንፋን ሲይዛቸው ጤና ጣቢያ፣ ወገባቸውን ሲቆረጥማቸው ጤና ጣቢያ። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ይይዟታል። «ደህና አደርክ መምህር?» ሲሉኝ እንኳ፣ በእኔ ግብር የታከመ ሳንባ ነው የሚናገረው እላለሁ።

እግዜር ቅናት አይወድም መሰለኝ፣ ጨጓራዬ ተነሳብኝ። ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፤ ወሩ ሳይጋመስ እጄ ባዶ ቀረ። እኔስ ከማን አንሼ ደሃ አልባልም? ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ድህነቴን የሚመሰክሩ ሦስት ጎረቤቶች አምጣ አለኝ።

ማን ይናገር የነበረ ብዬ ሽንኩርት የሚቸረችሩትን እትዬ አስካለን፣ ባለሱቁን ሐጂ ሰይድን፣ ልምድም ስላላቸው ራሳቸውን ጋሽ ወልደማርያምን ይዤ ቀረብኩ።

እትዬ አስካለ ገና ሲጠየቁ ተቆጡ። «ልጆቼን ያስተማረ ሰው ደሃ ብዬ ልሰድብ? ምላሴ ይቆረጥ!» ሐጂ ሰይድም የሰው ክብር በአደባባይ አይነካም፣ መምህሩ ጌታ ሰው ነው አሉ። ጋሽ ወልደማርያም ግን ጨረሱኝ። «በየወሩ ለመንግሥት የሚሰጥ ሰው እንዴት ደሃ ይባላል? እኔ ሰጥቼ አውቃለሁ?»

ሊቀመንበሩ «ክራይቴሪያውን አታሟላም» ብሎ ሸኘኝ። ሦስቱም ክብሬን ስለጠበቁልኝ በር ላይ ምስጋና ይጠብቃሉ። አመሰገንኩ፤ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ሬዲዮዬን ሸጬ ጤና ጣቢያ ስደርስ፣ ጋሽ ወልደማርያም መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ከፊቴ ተሰልፈዋል። እሳቸውም ጨጓራ! ያችን ወረቀት አስገቡ። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ አየችና «መድኃኒቱ የለም አባባ፣ ከውጭ ይግዙ» አለቻቸው።

ልቤ ጮቤ ረገጠ። ኃጢአት ነው፤ ግን ረገጠ። ብሬን ጨብጬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ።

«ለእርስዎም ያው ነው መምህር። የለም።»

ጋሽ ወልደማርያም ትከሻዬን ያዝ አድርገው ከልባቸው አዘኑልኝ።

«እኔስ በነፃ ነው የለም የተባልኩት። አንተ ግን ልጄ፣ ለዚችው ‹የለም› በየወሩ ይቆረጥብሃል!»