ጋሽ ኃይለሚካኤል ሦስተኛውን የአንቴና በር እንደ ከፈቱ

ሞዓ ሙቀት ዘእምነገደ ባቡር፣ ሥዩመ ኮምፕሬሰር ጋሽ ኃይለሚካኤል በጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 በተባለው ሰፈር፣ ፍሪጅ መጠገን በጀመሩ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዛ ሬዲዮ የምታሰማውን ጥቁሯን ሪሲቨር በገዙ በሁለተኛው ወር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ካምሲን የተባለው ነፋስ አሸዋውን በሰው ዓይን በሚሞጅርበት ሰሞን፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ፎቅ ላይ በማዳም ናዒማ ቤት ተቀምጣ የምትሠራው ውብነሽ፣ አገር ቤት ያለችው እህቷ መውለጃዋ ደርሶ ነበርና እንቅልፍ አጣች። የመንደራቸው ኔትዎርክ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ እናቷ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በአጭር ሞገድ በሚተላለፈው የናፍቆት ሰላምታ ፕሮግራም ወሬውን እንደምታሰማት አስቀድማ ልካባት ነበር። ጋሽ ኃይለሚካኤልም ይህን ሰምተው፣ እኔ እያለሁ ምን ቆርጦሽ ትጨነቂያለሽ ብለው በሚካኤል ማሉ።

ወእምዝ ማክሰኞ ማለዳ ወደ ጣራ ዘመቱ። ተከታዮቻቸውም ሙሰዲቅ ባለታክሲው፣ መሰላል ያዥ፤ ዘውዱ ልብስ ሰፊው፣ የሽቦ ጥቅል ተሸካሚ፤ ማይሙና ባለሱቋ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቅራቢ፤ ማንም ያልጠራት ቀይ ድመትም ነበሩ። ሠላሳ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከውሃ ታንከር እስከ ውሃ ታንከር ዘርግተው፣ ጫፉን ወደ ታች፣ ወደ ጋሽ ኃይለሚካኤል መጠገኛ ቤት አውርደው፣ ሪሲቨሯ ከጀርባዋ ካሏት ሦስት የአንቴና ቀዳዳዎች በሦስተኛው ሰኩት።

ላፕቶፑ ሲከፈት ግን የተሰማው ሽሽሽ ብቻ ነበር። የማይፈለገውን ጣቢያ የሚያግዱትን ፊልተሮች አንድ በአንድ ጫኑ፤ የኤፍ ኤሙን ቢያግዱ ሽሽሽ፣ የመካከለኛ ሞገዱን ቢያግዱ ሽሽሽ። ንጉሥ አያፍርምና፣ ጥፋቱን በስልክ ላይ አላከው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! አየሩን ያወከው ስልክ ነውና እስከ ዓርብ በዚህ ግቢ ያለ ስልክ ሁሉ ይዘጋ! ማራገቢያው ቬንቲላተርም አይዙር! እምቢ ያለ፣ ፍሪጁ ሲበላሽ እንዳይጠራኝ!»

ማዳም ናዒማም ከበረንዳቸው መልሰው አወጁ፦

«ስልኩ ይሁን፣ ተዘግቷል! ቬንቲላተሬን የነካ ግን ወላሂ ወዮለት! ፍሪጅ የሚሠራ ካርቲየ ሰባትም ሞልቷል፣ ያላ!»

ከሁሉ አስቀድማ የታዘዘች ውብነሽ ናት፤ ስልኳን ዘግታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ከሩዝ ቆርቆሮ ሥር ቀበረችው።

ዓርብ ደረሰ። ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ውብነሽ ከፎቅ ወርዳ፣ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች በመጠገኛ ቤቱ ተቀመጠች፤ ሪሲቨሯ ዛሬም ሽሽሽ ትላለች። ጋሽ ኃይለሚካኤል የልጅቷን ፊት ማየት አቅቷቸው፣ ላባቸውን የሚጠርጉ መስለው ከጠረጴዛው ኋላ ጎንበስ አሉ። ሽቦው በሦስተኛው ቀዳዳ ተሰክቷል። ቀና ብለው ቢያዩ ስክሪኑ «አንቴና 1» ይላል። ኧረ የጉድ ቀን! በአንደኛው ቀዳዳ ከአቧራ በቀር አንዳች አልነበረም፤ ሦስት ቀን ሙሉ የባዶ ቤት በር ሲያንኳኩ ከርመዋል!

ለማንም አልተነፈሱም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ማማተብ ያለ ነገር አድርገው «አንቴና 3»ን ተጫኑ። ወዲያው የአንድ ጎረቤት ጣቢያ ጩኸት እንደ ጎርፍ ገባ፤ እርሳቸውም የመካከለኛ ሞገድ ማገጃውን አዘዙበትና ጸጥ አለ። ከጸጥታውም ውስጥ፣ በፕሮግራሙ አንባቢ ድምፅ፣ ይህ የቤተሰብ ቃል ወጣ፦

«ለልጃችን ለውብነሽ፣ ጅቡቲ። እህትሽ ማክሰኞ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች፤ እልል በይ! ኔትዎርኩ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ብንደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ምን ነካሽ ልጄ? እናትሽ እህል አልቀመሰችም። የሰማ ይንገርልን!»

ውብነሽ እልልታዋንም ለቅሶዋንም ባንድ አፍ ለቀቀችው፤ ሮጣም ፎቅ ወጥታ የሩዙን ቆርቆሮ ገለበጠች፤ ሩዙ ወለሉን ሞላ። ይዛው ወደ መጠገኛ ቤቱ ወረደች፤ ስልኩ ገና ከመከፈቱ ጮኸ። ያን ጊዜ ኃያሉ፣ ሦስት ቀን የደከሙላትን ሪሲቨር፣ የእናትየው ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲሰማ በገዛ እጃቸው አጠፏት።

ስለዚህ የወለደች ሁሉ ታመስግናቸው፣ የናፈቀም ይመርቃቸው! ስልክ ባያዘጉ ኖሮ ስልክ መዘጋቱን በአጭር ሞገድ ማን ሰምቶ ያውቅ ነበር? ማዳም ናዒማ እንኳ ቬንቲላተራቸውን ከፎቅ አውርደው ፊቱን ወደ እርሳቸው አዞሩላቸው፤ በሐምሌ፣ በጅቡቲ፣ ከዚህ የሚበልጥ ዘውድ ለማንም አልተጫነም።