ዐብዲኑር ሪሐናን በክብር እንደ ከበባት

ባጃጅ የጅጅጋን ጎዳና ከወረሰ በስምንተኛው ዓመት፣ በባልዲና በጆግ ጌታ፣ በላስቲክ ምንጣፍ አከፋፋይ፣ ተናግሮ በማይጠግበው በነጋዴው በዐብዲኑር መዋዕል፣ ስለዚህ ሰው ሁለት ዜና ተሰማ። በሻይ ቤት የሚውሉ ወንዶች፣ «ዐብዲኑር ከባሕር ማዶ ለመጣች ልጅ ያደረገውን፣ ሱልጣን ለገዛ ልጁ አላደረገም» አሉ። በወተት ተራ የሚቀመጡ ሴቶች ደግሞ፣ «በዚያች ልጅ ላይ ያደረሰውን ጠላት በጠላት ላይ አያደርሰውም» አሉ። ሁለቱም ወገን ያየውን ተናገረ፤ የታየውም ይህ ነው።

ሪሐና የምትባል የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ በኤደን ተወልዳ፣ በጦርነቱ ወላጆቿን አጥታ፣ ሂቦ በምትባል ሶማሊያዊት ጎረቤቷ እጅ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻግራ፣ ሶማሊኛንም ከእርሷ ለምዳ በዚያ ተቀመጠች። ሂቦ የዐብዲኑር ሚስት የካፊያ አክስት ነበረች፤ ዕድሜዋም ስለ ገፋ ለልጅቷ አሳዳጊ ፈለገች። ዐብዲኑርም፣ ከአንዲት ልጁ ከኢቅራ በቀር ሌላ ያልተሰጠው፣ የሰፊ ቤቱ ጸጥታ የሚያስፈራው፣ ወደ ጅቡቲ ወርዶ በቃዲ ፊት አሳድጋታለሁ ብሎ ምሎ ተቀበላት። በዚያን ጊዜ ሂቦ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ልጅቷ ነፍስ ያወቀች ናት። ረመዳን ሳይገባ እመጣለሁ። ልሂድ ካለች ማንም አይከለክላትም።» ዐብዲኑር ይህን ሰምቶ ፈራ፤ የፈራ ሰው እንደሚያደርገውም ፉከራ አበዛ።

ወእምዝ ሠራዊቱን ሰበሰበ፤ የሠራዊቱም ስም ይህ ነው፦ ታናሽ ወንድሙ ኸሊል ጆሮ ሰፊው፤ የሱቁ ሠራተኛ ሺሬ አንካሳው፣ እርሱም አንድ ቀን ከባጃጅ ወድቆ ለሳምንት ብቻ ያነከሰ፣ ስሙ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ የጸናበት፤ የግቢው ተከራይ መምህርት እማዋይሽ ቀጭኗ። ጌታቸውም ራሱ በገበያ ባልዲው ይባል ነበር፤ በዚያ ከተማ ቅጽል ያልወጣለት ሰው መንገደኛ ብቻ ነውና። በእነዚህ ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን አዋጅ አስነገረ፦ «ሪሐና የቤቴ አክሊል ናት። ማንም ቅጽል አያውጣላት፤ ማንም አይዘዛት፤ ማንም አይቆጣት። የበላችበትን ሳህን ሰው ያንሣላት እንጂ እርሷ ሳህን አታንሣ።» ኸሊልም ከኋላ ሆኖ በታላቅ ድምፅ፣ «ዋላል፣ ወንድሜ፣ የመጣችብህ ልጅ ናት ወይስ አማት?» ሲል አወጀ፤ ከጉባኤውም ተባረረ።

ከዚያ በኋላ ጀግናው ልጅቷን በሳሎን አስቀመጣት፣ ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ፍራሽም አነጠፈላት፣ በተገላበጠች ቁጥር ፍራሹ እየጮኸ ቤቱን ሁሉ አነቃ፤ ሌላው በጓዳ የላሁህ ቂጣ በሻይ ሲበላ ለእርሷ የፍየል ጉበት ቀረበ፣ ሌላው በጣሳ ሲጠጣ ለእርሷ ከቡፌ የወርቅ ቀለበት ያለው ብርጭቆ ወጣ፤ ጀሪካን ልታነሣ ብትሄድ ሺሬ ሮጦ ነጠቃት፣ ወደ ጓዳ ብትገባ ሴቶቹ ተነሥተው በክብር መለሷት። እርሷም ልብሷን ከሻንጣ ሳታወጣ፣ በሶፋው ጫፍ ተቀምጣ፣ እንግዳ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀን እንደሚጠብቅ ጠበቀች። ዐብዲኑር ማታ ማታ፣ «ልጄ፣ ምን ጎደለሽ?» ሲል ያውጃል፤ እርሷም እንደ አጎት ጠርታው፣ «ምንም አልጎደለኝም፣ አዴር፤ አላህ ይስጥልኝ» ብላ መሬት ታያለች። ይህን ምስጋና ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው በዚያ ግቢ እርሱ ብቻ ነበር።

መምህርት እማዋይሽ ትዕግሥቷ አልቆ በበረንዳው ላይ እንዲህ አወጀች፦ «ጋሽ ዐብዲኑር፣ ልጅ በሆቴል አያድግም።» ጀግናው ይህን እንደ ክህደት ቆጥሮ ሦስት ሌሊት ከመከረ በኋላ፣ ከጥልቅ ጥበቡ ሁለተኛውን አዋጅ አወጣ። አዋጁም፣ «ጉበቱ በእጥፍ ይሁን» የሚል ነበር።

ረመዳን ሲቃረብ ካፊያ ለለቅሶ ወደ ሐርተሼክ ሄደች። ሪሐናን ለማየት የመጡ እንግዶች በልተው ወጡ፣ ዕቃውም ተከመረ። የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ኢቅራም፣ ወራት ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ የሠራች፣ የተቃጠለ ድስት ታቅፋ ወደ ሳሎን ገብታ የአባቷን አዋጅ በአንድ ትንፋሽ ሻረች፦ «ስሚ አንቺ ዴሮ፣ አንቺ ረጅም፣ እጅሽ አልተሰበረም። ሳህኑን እኔ አጥቤያለሁ፤ ድስቱ የአንቺ ነው።» ዐብዲኑር ከግቢ ሰምቶ አንድ ጫማውን ጥሎ ሮጠ፤ ፍርድ ሳይሰጥ ግን ሪሐና ከሶፋው ተነሣች፣ በዚያ ቤት ከምስጋና በቀር ሌላ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፦ «ያሳረርሽው አንቺ ነሽ። እኛ ኤደን እንዲህ ያለ ሩዝ ለፍየል እንሰጣለን።»

ወአሜሃ ታላቅ ጦርነት ሆነ። በቧንቧው ሥር ድስቱን ተጓተቱ፣ ሁለቱም በውኃ ራሱ፤ ጠቡም ከቧንቧው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳው በሳሙና ሰበብ ወደ ኢቅራ ክፍል ተዛወረ፣ ሪሐናም ጠቧን ተከትላ ሻንጣዋን ይዛ ተዛወረች፣ ሌሊቱንም አንዷ ሌላዋን ስትሰድብ፣ ሁለቱም ሲስቁ ተሰማ። ዐብዲኑር ግን መንግሥቱ ፈረሰ ብሎ አዘነ፤ ልጁን ኢቅራን ለሳምንት ከቴሌቪዥን ከለከላት፤ ጉበት አስጠብሶ ወደ ሳሎን ቢልክ የሚበላው ጠፍቶ ኸሊል በላው።

በዚያው ሳምንት ሂቦ ከጅቡቲ ደረሰች። ካፊያም ተመልሳ ነበርና ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ካፊያ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፤ ዐብዲኑር ግን ተነሥቶ ጉበቱን፣ ብርጭቆውን፣ ፍራሹን በየተራ ቆጥሮ፣ ስለ ኢቅራ ብልግናም ይቅርታ ጠይቆ፣ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። ሂቦም፣ «ልጄ፣ ሰው አትፈሪ። ትቀመጫለሽ ወይስ እንሂድ?» ስትል አወጀች።

እንግዲህ ዐብዲኑር ይወደስ፤ ሕፃንን በጉበት የከበበ፣ ምስጋናን ደስታ ብሎ የተረጎመ፣ ድል በገዛ ልጁ እግር ከቤቱ ስትገባ ሽንፈት መስላው ልጁን ከቴሌቪዥን የከለከለ፣ በዚያችም ሰዓት እንደ ተከሳሽ ፍርዱን የጠበቀ መዋዒ ጀግና።

ሪሐናም ወደ ኢቅራ በንቀት ተመልክታ፣ ጉባኤው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አወጀች፦

«ኢዶ ሂቦ፣ አንቺ ሂጂ። እኔ አሁን ብሄድ ይህች ልጅ ሸሸችኝ ብላ ታወራለች። እዚህ ገና ያልጨረስኩት ጠብ አለኝ።»