አባ ነጎድጓድ አሮጊቷን ጂፕ አፍ እንዳስፈቱ

ትዳር በያዙ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ አሮጊቷን ጂፕ ከነዝገቷ በገዙ በሰባተኛው፣ የጂፒቱ የግራ ስፒከር አጉረምርሞ ባረፈ በአራተኛው፣ የቀኙም ወንድሙን ተከትሎ በተለየ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘመነ ዝምታ ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የኮረኮንች አንበሳ፣ የካቻቢቴ ባላባት፣ ኮፈን ከፍተው የሚራቀቁ፣ ኮፈን ዘግተው የሚጨነቁ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጎድጓድ የተባሉት ጌታ የሠሩት ሥራ ይህ ነው፤ ዝንቱ ውእቱ ዜና ገድሎሙ።

የፈረስ ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሕዝብ ግን፣ ጂፒቱ ያለ ሰው ትከሻ ከተኛችበት ስለማትነሣ፣ አባ ግፉኝ ይላቸዋል። ሁለቱም ስም እውነት አለው፤ ይሁን እንጂ ጌቶች በሚወዱት ስም እንጂ በሚገባቸው ስም ተጠርተው ስለማያውቁ፣ እኛም የፊተኛውን ይዘናል።

በዘመነ ዝምታ የሆነው እንዲህ ነው። ከፋብሪካ አብረዋት የተወለዱት ስፒከሮች ወረቀታቸው በፀሐይና በአቧራ ተበልቶ፣ መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ እንደ ዝንብ ጢዝ አሉ፣ በመጨረሻም አንዱ ሌላውን ሳይሰናበት አረፉ። ሬድዮው ዝም ሲል ግን መንገዱ ዝም አላለም፤ ባዶ ዙፋን የማይወዱት አባ ነጎድጓድ የሬድዮውን ቦታ ራሳቸው ያዙ እንጂ። በየወሩ ቤተሰቡ ወደ አማታቸው ቤት ሲጓዝ፣ ከግቢያቸው በር ተነሥተው አማታቸው በር እስኪደርሱ ድረስ፣ ስለ ማርሽ ጠባይ፣ ስለ ናፍጣ ሽታ፣ የድሮ ብረት ከዘንድሮ ብረት ስለሚበልጥበት ምክንያት ሳያቋርጡ ያስተምሩ ነበር። ዜናው እሳቸው፣ ሐተታው እሳቸው፣ ማስታወቂያው እሳቸው ሆኑ። በመካከል ዘፈን ያስፈለገ እንደሆነም አልነፈጉም።

ይህን ሁሉ በጂፒቱ መስኮት ወደ ውጭ እያየች የታገሠችው ባለቤታቸው፣ የጓዳና የሳሎን ገዥ፣ የቁልፍ ሁሉ ጠባቂ፣ የተናገረችውን የማታጥፍ እመቤት፣ አንድ ሰኞ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ አዋጅ አስነገረች፤ አዋጁም ይህ ነበር፦

«ስማ እንግዲህ፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳትለኝ! ወይ ያ ሬድዮ ይናገር፣ ወይ አንተ ዝም በል። ሁለቱም እንቢ ካለ፣ እሑድ ወንድሜ ገዢ ይዞ ይመጣል፣ ያንን ብረትህን ጎትቶልህ ይሄዳል። አለቀ፣ ደቀቀ!»

ከተዘረጉት መንገዶች ሁለተኛው፣ ማለትም ዝም ማለት፣ ቀላሉና ወጪ የሌለው ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሐሳብ በአባ ነጎድጓድ ሸንጎ ፊት ለውይይት እንኳ አልቀረበም። የሦስተኛው ፍርሃት ግን እንቅልፍ ነሣቸው። ጂፒቱ ከተሸጠች እሳቸው በማግስቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙ፣ ሳንቲም የሚመለስላቸው፣ «ጠጋ በል» የሚባሉ አንድ ተራ ሰው ይሆናሉ። ፈረሱ ከሌለ የፈረስ ስም የለም። ስለዚህ በማግስቱ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ እንዲሰማ አድርገው ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጂፔን የነካ እኔን ነካ! ቅዳሜ በጠዋት ካቻቢቴ ያለህ ካቻቢቴህን፣ ፒንሳ ያለህ ፒንሳህን ይዘህ ግቢዬ ድረስ። ምንም የሌለህ ምክርህን ይዘህ ና!»

ቅዳሜ ሲነጋ ሠራዊቱ ከተተ። ካቻቢቴ ይዞ የመጣ አንድ፣ ፒንሳ ይዞ የመጣ አልተገኘም፤ ምክር የያዘ ግን ግቢውን ሞላው። በቀኝ ክንፍ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ጡረታ የወጣው ጎረቤት ነበር፤ ነገር ሁሉ ከተበላሸ በኋላ «ብያለሁ!» ማለት ልማዱ ስለሆነ ስሙ ብያለሁ ሆኖ ቀርቷል። በግራ ክንፍ፣ በስልኩ የጥገና ቪዲዮ ሲያይ የሚውል፣ የዓለምን ጥገና ሁሉ ያየ፣ አንዱንም ያልሠራ፣ አይቻለሁ የሚባለው ባልንጀራቸው ተሰለፈ። ከኋላ ደጀን የሆኑት፣ ጂፒቱን በየጠዋቱ የሚገፉት ሦስት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነዚህ ዛሬ መግፋት እንደሌለ ቢነገራቸውም እጃቸውን የጂፒቱ ጀርባ ላይ አሳርፈው ትእዛዝ ይጠባበቁ ነበር።

አባ ነጎድጓድም ዐርብ ገበያ ወርደው የማረኳቸውን ምርኮዎች ለሠራዊቱ አሳዩ፤ እነርሱም አራት አዳዲስ ስፒከሮችና ሰማያዊ መብራት የምታበራ፣ የእጅ ስልክን ያለ ሽቦ የምትቀበል አንዲት ቴፕ ናቸው። ስፒከሮቹን የመረጡት በጥልቅ ጥናት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የእሳት ነበልባል የተሳለበትን ወሰዱ፣ ነበልባል የሌለበትን ናቁ።

ወእምድኅረ ዝንቱ የበሮቹ ከበባ ተጀመረ። የበሩን የውስጥ ልባስ የያዙት የፕላስቲክ ክሊፖች በእርጅና ደርቀው ስለነበር፣ አባ ነጎድጓድ ካቻቢቴያቸውን ሰክተው ሲያነሡ፣ አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ነገሩን አይተው ሳይነኳቸው ረገፉ። ብያለሁም ከዱካው ሳይነሣ አዋጁን አሰማ፦ «በቀስታ ብያለሁ! እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ!» ልባሱ ሲወርድ፣ ከበሩ ሆድ ውስጥ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ አንድ የልጅ ካልሲና ቡጢ የሚያህል የደረቀ ጭቃ ተማረከ። አሮጌዎቹ ስፒከሮች ከተሰቀሉበት ሲፈቱ ወረቀታቸው በእጅ ላይ እንደ አመድ ተነነ፤ ለሙታን ክብር ሠራዊቱ ለአፍታ ቆመ፣ ከኋላ ያሉት ግን ይህ ምልክት መስሏቸው ገፉ።

አዲሶቹ ጌቶች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ሆዳም ነበሩ፤ ማለትም ከጀርባቸው ያለው ማግኔት ወፍሮ፣ የበሩ መስታወት ወርዶ ሲመጣ ግንባሩን እየመታው፣ መስኮቱ ከግማሽ አልወርድም አለ። በዚህ ጊዜ አይቻለሁ ስልኩን እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ ይህን አወጀ፦ «ከሥራቸው ወፍራም የፕላስቲክ ቀለበት ይደረግላቸውና ወደ ውጭ ፈቀቅ ይላሉ! አይቻለሁ! ሰውየው ከሽንኩርት መክተፊያ ቆርጦ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ!»

አባ ነጎድጓድም ጫማቸውን አውልቀው፣ በእግር ጣታቸው ጫፍ፣ እመቤቲቱ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ዘወር ባለችበት ቅጽበት ወደ ጓዳ ዘመቱ። ከግንብ የጠነከረውን፣ ነጭና ሰፊ የሆነውን፣ ለሰርጋቸው የተሰጠውን መክተፊያ ማርከው ተመለሱ። መጋዙ ሲሰማ የግቢው ድመት ሸሸች። እስኪመሽ ድረስ ከመክተፊያው አራት ቀለበት ወጣ፣ አንዱ ክብ፣ ሁለቱ ወደ ክብ የሚጠጉ፣ አራተኛው ስለ እርሱ ባንናገር የሚሻል፤ እርሱ በተገጠመበት በሾፌሩ በር መስታወቱ ከግማሽ አልወርድም እንዳለ ቀረ።

በእሑድ ጠዋት ሽቦው ተቀጥሎ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ቴፕዋ ስትበራ ድምፅ ወጣ፤ ግን ነጎድጓድ የተባለለት ድምፅ ሳይሆን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ የዶሮ እግር ይመስል ነበር። ከበሮው የለ፣ ወፍራሙ ድምፅ የለ። አባ ነጎድጓድ ግን ሽንፈት ፊት ለፊት ሲመጣ ስም መለወጥ ያውቁበታልና ወዲያው አወጁ፦ «ይሄ ነው ጥራት! ጥራት እንዲህ ቀጭን ነው፣ ጆሯችሁ ስላልለመደ ነው!» ሦስቱ ገፊዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ከትናንት የተሻለ መሆኑን መሰከረ፣ ትናንት ምንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአሮጌዎቹ ሽቦዎች ቀለም በአቧራ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የግራው ወገን ስፒከሮች ተገልብጠው ተቀጥለዋል። ቀኙ ሲገፋ ግራው ይስባል፣ ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል፤ ወፍራሙም ድምፅ በሁለት አለቆች ጠረጴዛ ላይ እንደወደቀ ጉዳይ በመካከል ይሞታል። ይህንን አይቻለሁ በቪዲዮ አይቶት ነበር። ባትሪ ድንጋይ ከሽቦው ጋር አነካክቶ፣ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ብቅ ሲል ትክክል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ የተገለበጠ መሆኑን አሳየ። በሕይወቱ ያየው ነገር ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላየ፣ ራሱ ከሁሉ ይልቅ ደነገጠ።

ሽቦው ተቃንቶ ሳይጨርስ የእመቤቲቱ ወንድም ገዢውን አስከትሎ በግቢው በር ገባ። ገዢው ዝም ያለ ሰው ነበር፤ ጎማውን በጫማው መታ መታ አድርጎ ቆመ። አባ ነጎድጓድ ግንባራቸውን ጠረጉ። የገዛ ስልካቸው ቪዲዮ ሲታይበት ውሎ ሞቶ ነበርና፣ ወደ ጓዳው መስኮት ሄደው የመጀመሪያው ዘፈን ክብር ለቤቱ እመቤት ስልክ እንዲሰጥ አወጁ። እመቤቲቱ ጓዳዋን ከላይ እስከ ታች እየገለባበጠች መክተፊያዋን ትፈልግ ስለነበር፣ ስልኳን በመስኮት አቀብላ ወደ ፍለጋዋ ተመለሰች።

ወኮነ ዐቢይ ድምፅ! አራቱም በሮች ተከፍተው፣ ዘፈኑ ሲለቀቅ ምድር ራደች፣ የተሰጣው ልብስ ተወዛወዘ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኾ ጮኾ በመጨረሻ ዜማው ውስጥ ገባ። ሦስቱ ገፊዎች ጂፒቱን ትተው እስክስታ ያዙ፣ ብያለሁ ከዱካው ተነሣ፣ የገዢው እግር እንኳ ሳያውቀው ምት ያዘ። ሬድዮው ተናግሯል! የሰኞው አዋጅ በቃሉ መሠረት ተፈጽሟል! አባ ነጎድጓድ የሚስታቸውን ወንድም በግማሽ በወረደው መስኮት አሻግረው እያዩ ጢማቸውን አሻሹ።

በዚያን ጊዜ ዘፈኑ ተቋረጠና ቴፕዋ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አባ ነጎድጓድም ይህች ወፍራሙን ድምፅ የምትጨምር ቁልፍ ናት ብለው ተጫኗት። የተጫኑት የአማታቸውን ጥሪ ነበር። ከአራቱም ማዕዘን፣ ከነበልባሎቹ ስፒከሮች፣ ጥርት ብሎ ይህ አዋጅ ወጣ፦

«ሀሎ! አንቺ ልጅ፣ ሸጣችሁት ወይስ እዚያው ተገትሯል? ወንድምሽ ገዢ ይዤ እየሄድኩ ነው ሲለኝ እኮ ተው ነው ያልኩት! ረሳሽው እንዴ ራስሽ ያልሽኝን? ‹እማዬ፣ እሱ መኪናው ሥር ሲገባ ነው ቤቴ ቤት የሚመስለኝ› አላልሽኝም? አሁን ብረቱን ሸጠሽ ሰውየውን ሳሎን ልትጎልቺው ነው? ቅዳሜን ሙሉ? ባለፈው ዝናብ ሆኖ ቤት የዋለ ቀን ፍሪጅሽን ፈቶ ሦስት ቀን ወተት በባልዲ አላስቀመጥሽም? እኔ ስለ አንቺ ነው የምናገር! ይቺ መኪና ሞግዚት ናት፣ ሞግዚት ይሸጣል? ሀሎ! ምነው ዝም አልሽ? ... አጠገብሽ ነው እንዴ? ... ነው? ... በይ እሺ፣ ሰላም በይልኝ።»

  የሚስት ወንድም የኋላውን ጎማ ነፋስ በድንገት መመርመር ጀመረ። በመጀመሪያ የተናገረው፣ እስከዚያ ሰዓት ቃል ያልተነፈሰው ገዢ ነው፤ በእውነት ተደንቆ እንዲህ ሲል መሰከረ፦ «ጌታዬ፣ ድምፁ ግን እንዴት ያለ ነው! ትንፋሿ ሳይቀር እኮ ነው የሚሰማው!»

እመቤቲቱም በአንድ እጇ ቢላዋ፣ በአንድ እጇ የተላጠ ሽንኩርት ይዛ በደጁ ብቅ አለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከነገሩ ማንም አልደፈረም ሊጠይቅ። ሠራዊቱ ሁሉ ጫማውን አየ። እርሷም የአባ ነጎድጓድን ዓይን ሳታይ ይህን የመጨረሻ አዋጅ ነገረች፦

«ምን ትገተራላችሁ? አትሸጥም! ወንድሜ፣ እንግዳህን ሸኝ። አንተም እንግዲህ የሰማኸውን ሰምተሃል፣ እማዬ ዋሸች አልልህም። ቅዳሜና እሑድ ከቁርስ እስከ ማታ ግቢው ያንተ ነው፣ ቤቱ የእኔ። ከደፉ እንዳታልፍ! ምሳህን እዚያው አመጣልሃለሁ፤ እሱንም የምከትፍበት ካገኘሁ!»

አባ ነጎድጓድ በመሪው ፊት ተቀምጠው ለአንድ ዘፈን ያህል ጊዜ ምንም አልተናገሩም። እጃቸው መሪው ላይ ነበር፣ መኪናዋ ግን አልተነሣችም ነበርና የሚነዱት ነገር አልነበረም። ያዩአቸው ሁሉ፣ ያ ሰው ያን ያህል ዝም ብሎ አይተነው አናውቅም ብለዋል። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከጂፒቱ ጣሪያ በላይ እስኪታዩ ቀጥ ብለው ቆሙና አወጁ፦ «ሰማችሁ አይደል? አትሸጥም ተብሏል! ከደፉ ወዲህ ያለው ምድር በሙሉ ለእኔ ተሰጥቷል! የቀረው የሴቶች ወሬ ነው!» ሠራዊቱም እልል አለ፤ እመቤቲቱ መስኮቱን ዘጋች።

ኦ አባ ነጎድጓድ! ኦ አራት በር ከፍተው አንድ በር የተዘጋባቸው! ከእርሳቸው አስቀድሞ የነበሩ ጌቶች አገር ያቀኑት በጦር ነው፤ እርሳቸው ግን ከገዛ ሳሎናቸው ተባርረው ግቢያቸውን በርስትነት ያዙ፣ መባረራቸውንም ግዛት ማስፋት ብለው አስነገሩ፣ ሕዝቡም አመነ፣ ሕዝብ እልል ካለ በኋላ ማመን አይከብደውምና። መስታወታቸው ከግማሽ ባይወርድ ክብራቸው ከግማሽ አልጎደለም። ምሳቸው ይድረሳቸው፣ ዝናብ ይራቅላቸው፣ ድምፃቸው በአራቱ ማዕዘን ይሰማ! ስንት ጀግና አለ ድል አድርጎ ወደ ቤቱ የገባ፤ ድል አድርጎ ውጭ የቀረ ግን ከእርሳቸው በቀር አልተሰማም።