ጾም የገደፈች መኪና

ጭቃ ይሉኝታ አለው፤ ውሃ ሲያፈሱበት እሺ ብሎ ይሄዳል። እኛ የደብረ ማርቆስ ሰዎች አብረነው ስላደግን ጠባዩን እናውቀዋለን። ሬንጅ ግን ሌላ ነው። በውሃ ቢሉት፣ በሳሙና ቢሉት ወይ ፍንክች። እንደ ሐሜት ነው፤ ባሹት ቁጥር ይሰፋል።

በዚያ በደጉ ዘመን (ደግነቱን የሚመሰክሩት መኪና የነበራቸው ናቸው) የአንድ ፊታውራሪ ሹፌር ነበርሁ። የመኪናይቱ ቸርኬ፣ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ፊታውራሪ ማለዳ የሰው ፊት ከማየታቸው በፊት እሱን ያያሉ። ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር በአንዲት የጭቃ ፍንጣቂ ቁልፉን አስረክቦ ወደ እርሻው ተመልሷል። እኔ ደግሞ የምመለስበት እርሻ የለኝም።

ታዲያ በሁዳዴ፣ አንድ ቅዳሜ ከደጀን ስንመለስ መንገድ ሠሪዎች ትኩስ ሬንጅ አፍስሰው ኖሮ፣ አራቱም ቸርኬ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ። ፊታውራሪ ወርደው ዞረው አዩና፣ «ነገ ለቅዳሴ ስንሄድ ይህን ካየሁ፣ ቁልፉን ትተህልኝ ትሄዳለህ» አሉኝ።

ቤንዚን እንዳልሞክር ቀለሙን ይልጠዋል። የቀረኝ አንድ መካኒክ አጫውቶኝ የነበረው መላ ነው፤ ቅቤ። ባለቤቴ የሺ ለፋሲካ ያስቀመጠችው አንድ ማሰሮ አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔስ አደረግሁት። ቀብቼ ጥቂት ባቆየው፣ ያ ልበ ደንዳና ሬንጅ ልስልስ ብሎ በጨርቅ ወጣ። ከደስታዬ ብዛት እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብሁ፤ ቸርኬውን በሳሙና ማጠቡ ግን ትዝም አላለኝ።

እሑድ መኪናይቱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ አቆምኋት። ፀሐይዋ ሞቅ ስታደርጋት ቅቤው ሸተተ። ሕዝቡ ቅዳሴ ጨርሶ ሲወጣ የሰፈሩ ውሾች በአራቱም ጎማ ዙሪያ ተኮልኩለው ቸርኬውን ይልሳሉ።

«ኧረ የፊታውራሪ መኪና ጾሟን ገድፋለች» አለች አንዲት ባልቴት። ሰዉ በነጠላው አፉን ያዘ። የፊታውራሪ የነፍስ አባት እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፊታውራሪን አሳፍሬ ወደ ቤት ነዳሁ። ስንደርስ ቁልፉን አውጥቼ በሁለት እጄ አቀረብሁ። ፊታውራሪ ቁልፉን አዩት፣ ቸርኬውን አዩት፣ አልተቀበሉኝም። ቢያባርሩኝ የመኪናይቱ መግደፍ እውነት ነው ሊባል ነው።

«አሁኑኑ ደጀን ተመለስ» አሉኝ። «ሬንጁን አስነክተህ አምጣት።»

«ጌታዬ፣ ሬንጁን?»

«አዎን። እሱ እንኳ የጾም ነው።»