ከባሮ ዳር የቀረ ሰው

ዳር ቆሞ «በርታ» ማለትን የመሰለ ቀላል ሥራ የለም። ውኃ የሚገባው ሌላ፣ መካሪው ሌላ፤ የመካሪ እግር ሲረጥብ ያየ የለም። ይህን የምላችሁ ከመካሪዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ጋምቤላ፣ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ ኪኒን የማድል ድሬሰር ነበርኩ። ሰዉ ግን «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ያኔ ጋትሉዋክ የሚባል የኑዌር ወንጌላዊ ነበር። ኋላ በጋምቤላ ምድር ስሙን የማያውቅ ጠፋ፤ ያን ጊዜ ግን ከብት ሲጠብቅ አድጎ ማንበብ የተማረ፣ ከመንደር መንደር በእግሩ ሲዞር ዝናብና ወባ የተፈራረቁበት ቀጭን ሰው ነው። በወባው በኩል ደንበኛዬ ነበር። ኪኒኑን ይውጥና፣ ተኛ ስለው ይሄዳል።

ብዙ ደክሞ በአንድ መንደር ጥቂት ሰዎች አመኑለት። ጥምቀቱም ባሮ ውስጥ እንዲሆን ተቀጠረ። ችግሩ አዞ ነው። ባለፈው ክረምት ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወስዷል። በኑዌር ልማድ ደግሞ ከብት ወንዝ ሲሻገር የአዞን አፍ በድግምት ይዘጋል የሚባል ሰው ዳር ይቆማል፤ በዚያ መንደር ይህ ሥራ የሽማግሌው የቦል ነበር። አማኞቹም ጌታን ተቀብለናል፣ ብቻ መጀመሪያ ቦል አፉን ይዝጉልን አሉ። ጋትሉዋክ እምቢ አለ። አንድ ሰው ቢነከስ በዚያ አገር ስብከቱ እንደሚያበቃለት ያውቃል፤ ግን እምቢ አለ። ተናደድኩበት። ወደድኩትም።

እኔ መቼም ምክር አላጣም፤ የጤና ጣቢያውን በርሜል ላውስህ አልኩት።

«ዶክተር» አለኝ፣ «በርሜል ውስጥ የተጠመቀ ሰው ነገ ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው?»

በቀጠሮው ቀን ፀሐይዋ ሳትበረታ ጋትሉዋክ ብቻውን ገባ። ወደ ጥልቁ በኩል፣ ውኃው ደረቱን እስኪነካው ድረስ ሄዶ ቆመ። ባሮ ደግሞ እያሳሳቀ መውሰድ ያውቅበታል። ቦልም ሳይጠሯቸው መጥተው ጦራቸውን ተክለው ዳር ተቀመጡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔም አዮዲንና ፋሻ ይዤ ገብርኤልን እለምናለሁ። አዞው የማንን እንደሰማ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

አማኞቹ አንድ ዓይናቸውን በጋትሉዋክ፣ አንዱን በቦል ላይ ጥለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ሁሉም ተጠመቁ። ሊወጡ ሲሉ ቦል ከተቀመጡበት ተነሡ። ያሉትን ኋላ ነው ያስተረጎምኩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ የአዞ አፍ ስዘጋ ኖሬአለሁ። ውኃው ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም።»

ጋትሉዋክ እጁን ዘረጋላቸው። ሽማግሌው ጦራቸውን ለእኔ አስጨብጠው ገቡ። ነገሩ ለሁሉም የገባው ያኔ ነው። አፍ ዘጊው ራሳቸው ውኃ ውስጥ ናቸው፤ ዳር ሆኖ የሚጠብቅ የለም። አማኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከውኃው ግን ማንም አልወጣም፤ ሽማግሌው ተጠምቀው እስኪነሡ ድረስ ከበዋቸው ቆሙ።

ዳር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በአንድ እጄ አዮዲን፣ በአንድ እጄ ጦር ይዤ፣ «በርቱ» እያልኩ።