ረጅሙን ሳታዩ አትፍረዱ

ሰው ሁሉ ለጠላው የልዕለ ጀግና ፊልም «ዳይሬክተሩ ራሱ ያዘጋጀውን ረጅሙን ቅጂ ሳታዩ አትፍረዱ» እያለ የሚሟገት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ሐጂ ከድር ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። መጀመሪያ የወጣውን አጭሩን ቅጂ ቤቴ አይተው «ልጄ፣ ምን በድዬህ ነው?» ብለውኝ ነበር። ታዲያ ረጅሙ ሲወጣ ዝም ልበል? ጥፋቱ ፊልሙን ቆርጠው ያሳጠሩት ሰዎች መሆኑን ላስረዳቸው ብዬ፣ በገበያ ቀን ሱቃቸውን አዘግቼ አራት ሰዓት ለሚፈጅ ፊልም አስቀመጥኳቸው። ሐጂ ደግሞ የጋበዛቸውን ሰው ጥለው መነሳት ነውር ነው የሚሉ ሰው ናቸው።

ስነቃ የፊልሙ ሠራተኞች ስም ዝርዝር እያለፈ ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፍቷል። የሐጂ ጋቢ እኔ ላይ ነው።

«መቼ ነው የተኛሁት?»

«ገና ሲጀምር። እንዳይቀሰቅስህ ድምፁን አጠፋሁት።»

«ታዲያ ለምን አልሄዱም?»

«የምትወደው ፊልም ነው። ስትነሳ ምን ሆነ ብትለኝስ ብዬ ነው።»

ከዚያም ያለ ድምፅ ያዩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩልኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም፤ እውነቱን ከተናገርኩ፣ ከሦስቱ ቅጂዎች ጥሩው የእሳቸው ነው።